ጣናዬ ሐምራዊ ሆነብኝ

ደብዳቤው

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሠዓሊ ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ለልጆች የሚሆን ተረት ጽፌ ሥዕሉንም ራሴ በውኃ ቀለም ሠራሁት። 26 ገጽ ነው፤ ቅርጹ 21 በ21 ሳንቲሜትር፣ ካሬ። ሥዕሎቹን ስካን አድርጌ አዲስ አበባ ላለ ግራፊክስ ሠሪ በቴሌግራም ላክሁለት። እሱም ጽሑፉን በፎቶሾፕ አስገብቶ ለሙከራ 20 ኮፒ በዲጂታል አሳተመልኝ። ሲደርሰኝ ማልቀስ ነው የቀረኝ። ስልኬ ላይ ሲያበራ የነበረው ጣናዬ ሐምራዊ ሆነብኝ። የታንኳው ጫፍ ተቆርጧል። ፊደሉ ጥላ ያለው ይመስላል፣ ለዐይን ይከብዳል። ሥዕሉ ሁሉ ደብዘዝ ብሏል። ፋይሎቹን ሳያቸው ስፋታቸው 1280 ፒክስል ነው ይላል። አሁን ዕቁብ ደርሶኝ ገንዘብ አለኝ። አንድ ማተሚያ ቤት በኦፍሴት 1000 ኮፒ ብሎ ፕሮፎርማ ሰጥቶኛል። ልፈርም ወይስ በዲጂታል ጥቂት ጥቂት እያልኩ ልቀጥል? በዚያ ላይ የጣናውን ሥዕል ብቻውን በትልቁ አሳትሜ 30 ያህል ለመሸጥ አስቤአለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የዕቁቡን ገንዘብ ባለበት አስቀምጪው። ፕሮፎርማውንም ለጊዜው አትፈርሚበት። መጽሐፍሽ አይታተም እያልኩሽ አይደለም፤ ይታተም። ግን አሁን እጅሽ ላይ ያለው ፋይል ኦፍሴት በሚባለው፣ ብዙ ኮፒ በሚያትመው ማሽን ላይ ቢወጣ ያ ሐምራዊ ጣና 1000 ጊዜ ይደገማል እንጂ ሰማያዊ አይሆንም። ማሽን የተሰጠውን ነው የሚያትመው።

ደብዳቤሽ አንድ የቆየ ነገር አስታወሰኝ። ማተሚያ ቤት ውስጥ፣ ፋይል ወደ ማሽን ከመግባቱ በፊት የሚዘጋጅበት ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ቤተሰብ የአባታቸው ሙት ዓመት ደርሶ የመታሰቢያ መጽሔት ሊያሳትሙ መጡ። የሽፋኑን ፎቶ ያወረዱት ከፌስቡክ ነበር። ስክሪን ላይ ሲያዩት ደስ አላቸው። ፎቶው ትንሽ እንደሆነ፣ ሲተልቅ እንደሚበላሽ አውቅ ነበር። ግን ወረፋው ብዙ፣ ሰዓቱም የመሸ ነበርና ዝም አልኩ። ሊወስዱ ሲመጡ የሟች ባለቤት አንዱን ኮፒ አነሡና የሽፋኑን ፊት በጣታቸው ዳበሱት። ፊቱ ትንንሽ ጡብ የተደረደረበት ግድግዳ መስሎ ነበር። «ዐይኑ የታለ?» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ከዚያ ቀን ወዲህ የማይሆን ፋይል እያየሁ ዝም ብዬ አላውቅም።

ስለዚህ ከዚያችው ከ1280ዋ ቁጥር ልጀምር።

ለመጽሐፍ ሥዕል የሚፈለገው በአንድ ኢንች 300 ፒክስል፣ ማለትም 300 የሥዕል ነጥብ ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲሜትር ነው። ያንቺ ገጽ 21 ሳንቲሜትር ነው፤ በኋላ የምነግርሽ የመቁረጫ ትርፍ ሲጨመርበት 21.6 ይሆናል። ሲሰላ 2551 ፒክስል ግድም ያስፈልግሻል። ያለሽ ግማሹ ነው። መደብዘዙ ከዚህ የመጣ እንጂ ከማሽኑ አይደለም። ሥዕሉን ያሳነሰብሽ ደግሞ መንገድ ላይ ቴሌግራም ነው። ቴሌግራም ሥዕልን እንደ ፎቶ ስትልኪው ይጨምቀዋል፤ እንደ ፋይል አድርገሽ ስትልኪው ግን እንዳለ ያደርሰዋል። ልዩነቱ የምትነኪው ቦታ ብቻ ነው። ግራፊክስ ሠሪው «በፎቶሾፕ አተልቀዋለሁ» ቢልሽ እሺ አትበይው። ኮምፒውተሩ የሌለውን ነገር ይገምታል እንጂ አያመጣውም። የሟቹም ፊት የሆነው ይኸው ነው።

ደግነቱ ዋናዎቹ ሥዕሎች እጅሽ ላይ አሉ። እንደገና ስካን አድርጊያቸው። በዚህኛው ዙር በአንድ ኢንች 600 ፒክስል ላይ አድርጊው፤ 600 ላይ ስካን የተደረገ ሥዕል ጥራቱን ሳያጣ በእጥፍ ተልቆ ይታተማል፤ ይህ ለትልቁ ሥዕል ይጠቅምሻል። ፋይሉን ጥራት በማይቀንሰው ዓይነት፣ ቲፍ በሚባለው፣ አስቀምጪ። የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ ጄፔግ፣ ተከፍቶ እንደገና በተቀመጠ ቁጥር ከጥራቱ ትንሽ ትንሽ ይሸረፋል። የስካነሩን አውቶማቲክ ማስተካከያም አጥፊው። ስካነር የውኃ ቀለም ላይ ክፉ ልማድ አለው፤ ስስ ቀለምን ነጭ ወረቀት አድርጎ ይቆጥረዋል። የማለዳ ጭጋግ ብለሽ በሦስት አራት ውኃ ያሳሳሻት ግራጫ ካለች መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ወረቀቱ ከርጥበቱ የተነሣ ከተኮማተረ ደግሞ ጥላ ይጥላል። ስካን ከማድረግሽ በፊት ሁለት ንጹሕ ወረቀት መሐል አስገብተሽ ከባድ መጻሕፍት ሥር አሳድሪው።

አሁን ወደ ጣና እንግባ።

ስልክሽ ሥዕል የሚያሳይሽ በብርሃን ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እያቀላቀለ ነው የሚያወጣው። አርጂቢ የሚባለው ይህ ነው። ማተሚያ ማሽን ግን ብርሃን የለውም። ያለው አራት ቀለም ነው፤ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር። ሲኤምዋይኬ የሚሉት ይህንን ነው። እነዚህ አራቱ ምንም ያህል ቢደባለቁ የማይደርሱባቸው ቀለሞች አሉ። ደማቅ ሰማያዊ ከነዚህ ዋናው ነው፤ የሚያበራ አረንጓዴና ብርቱካንማም እንደዚያው። ማሽኑ ጥልቅ ሰማያዊ ለማውጣት ሳያን ላይ ማጀንታ ይደርባል። ማጀንታው ወደ ሳያኑ መጠን ሲጠጋ የሚወጣው ሐምራዊ ነው። ፋይሉ ከአርጂቢ ዝም ብሎ ሲገለበጥ ሰማያዊው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ተጠጋግቶ ይመጣል።

የምታደርጊው ይህን ነው። ውኃው ባለበት ቦታ ሁሉ ማጀንታው ከሳያኑ ቢያንስ በ30 ያንሳል፤ ቁጥሮቹ በመቶኛ ናቸው፣ 100 ማለት ሙሉ ቀለም ነው። ሳያን 100 ከሆነ ማጀንታ ከ70 አይለፍ። እኔ ለሐይቅ ውኃ ቢሆን ወደ 60 አወርደው ነበር። ይህን ለግራፊክስ ሠሪው በቁጥር ንገሪው፤ «ትንሽ ሰማያዊ አድርገው» ካልሽው እሱ በራሱ ስክሪን ላይ የሚያየውን ነው የሚያስተካክለው።

ይህም ተደርጎ ስልክሽ ላይ ያየሽው ብርሃን አይመጣም፤ ይህን አልደብቅሽም። ግን አንድ ነገር አስቢ። አንቺ ጣናን የሳልሽው ወረቀት ላይ ነው። ያ ወረቀት አያበራም። ያበራው ስልኩ ነው። ስለዚህ የታተመውን ከስልክሽ ጋር አታወዳድሪው። ሥዕሉን ከፍሬሙ ወይም ከፖርትፎሊዮው አውጪና አጠገቡ አስቀምጪው። ያኔ ልዩነቱ ከጠበቅሽው ያነሰ ሆኖ ታገኚዋለሽ፤ የቀረውንም በቁጥር ማስተካከል ይቻላል።

አንድ ርካሽ ሙከራ ልንገርሽ። አንድ ገጽ ላይ ሰባት ስምንት ሰማያዊ ሣጥኖች አስደርጊ፤ ሳያኑ 100 ሆኖ ማጀንታው 40፣ 50፣ 60፣ 70 እያለ ይሄዳል፤ በሌላው ረድፍ ሳያኑን ቀነስ አድርጊው። እያንዳንዱ ሣጥን ሥር ቁጥሩ ይጻፍ። መጽሐፉ በሚታተምበት ወረቀት፣ በሚታተምበት ማሽን ላይ አስወጪው። ከዚያ ሣጥኖቹን ከሥዕሉ ጋር አስተያይተሽ «ይህ ነው ጣና» የምትይውን ምረጪ። የአንድ ገጽ ዋጋ ነው። ስለ ቢጫው ግን አትጨነቂ። አደይ አበባ የሳልሽበት ገጽ ካለ ጠርቶ ይወጣል፤ ቢጫ ማሽኑ ላይ ራሱን ችሎ ያለ ቀለም ነው፣ ሞቅ እንዲል ጥቂት ማጀንታ ይበቃዋል።

ከአርጂቢ ወደ ሲኤምዋይኬ መቀየሩ የመጨረሻው ሥራ ይሁን። ከዚያ በፊት ማተሚያ ቤቱን «የትኛውን የቀለም ፕሮፋይል ነው የምትጠቀሙት?» ብለሽ ጠይቂ፤ ፕሮፋይል ማለት ቀለሙ በምን ስሌት እንደሚቀየር የሚነግር ፋይል ነው። ለአርት ፔፐር፣ ላዩ ለተቀባ ለስላሳ ወረቀት፣ ብዙ ቦታ የሚሠራበት ፎግራ39 የሚባለው ነው። «አንቺ ብቻ አምጪው፣ እኛ እንቀይረዋለን» ካሉሽ ይቀይሩት፤ ግን የተቀየረውን ወረቀት ላይ ሳታዪ አትልቀቂያቸው።

ፊደሉ ላይ ያየሽው ጥላ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው። ጽሑፉ ፎቶሾፕ ውስጥ ገብቶ ከሥዕሉ ጋር አንድ ላይ ሲጠፈጠፍ ፊደሉም ሥዕል ይሆናል። ጥቁሩ ከአራቱም ቀለም ተደባልቆ የተሠራ ጥቁር ይሆናል ማለት ነው። አራት ቀለም አንዱ በሌላው ላይ ሲታተም የፀጉር ያህል ፈቀቅ ካለ ከፊደሉ ዳር ቀይ ወይም ሰማያዊ ጭረት ይወጣል። ሥዕል ላይ ይህ አይታይም። ፊደል ላይ ግን ያፈጣል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሥዕሉ በፎቶሾፕ ይዘጋጅ፤ ጽሑፉ ግን በኢንዲዛይን ወይም በኢለስትሬተር ይግባ። የፊደሉ ቀለም ጥቁር 100፣ ሌሎቹ ሦስቱ ዜሮ ይሁኑ። በሥዕሉ ላይ ተደርቦ እንዲታተም ይደረግ፤ ኦቨርፕሪንት ይሉታል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ፤ ነጭ ፊደል ካለሽ ኦቨርፕሪንት እንዳይበራበት። ነጭ ማለት ቀለም የሌለበት ቦታ ነው፣ ኦቨርፕሪንት ሲሆን ጨርሶ ይጠፋል። ርዕሱ የጠፋ ሽፋን ከዐይኔ ሥር አልፎ ያውቃል።

የኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። «ቤት» የሚለውን ቃል ተመልከቺ። ቤ ከቢ የምትለየው እግሯ ሥር ባለችው ቀለበት ብቻ ነው። ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ ትንሽ ይሰፋል፤ ቀለም በሚመጥ ወረቀት ላይ ደግሞ ይብስበታል። ፊደሉ ትንሽና ወፍራም ከሆነ ቀለበቷ ትደፈናለች። ያኔ ቤት «ቢት» ይሆናል፣ ሴት «ሲት»። ትልቅ ሰው ከአረፍተ ነገሩ ገምቶ ያልፈዋል። ፊደል ገና እየቆጠረ ያለ የሰባት ዓመት ልጅ ግን የታተመውን ነው የሚያነበው። ለልጆች መጽሐፍ የፊደሉ መጠን ከ16 ነጥብ በታች አይውረድ። 18 ብትይ ደግሞ እኔ ደስ ይለኛል። ፊደሉ ቦልድ አይሁን፤ ቀለበቶቹ ሰፋ ያሉበትን ምረጪ። ቤ፣ ሴ፣ ሌ፣ ሜን በሚታተሙበት መጠን አስወጥተሽ በአጉሊ መነጽር እዪያቸው።

ስለ ጽሑፉ ሁለት ጥቃቅን ነገሮች ልጨምር። አራት ነጥብን ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን ሁለቴ በመጫን ነው የሚጽፈው። እንዲያ ሲሆን መስመር መጨረሻ ላይ ይሰነጠቅና አንዱ ሁለት ነጥብ ከላይ፣ ሌላው ከታችኛው መስመር ራስ ላይ ይቀራል። ፈልገሽ ሁሉንም በአንዱ «።» ቀይሪያቸው። ጽሑፉ የተተየበው በድሮ ፎንት ከሆነ ደግሞ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባበት ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩ ብዙ ጥሩ ፎንቶች አሉ፤ በነሱ ተጠቀሚ። የመጨረሻው ፋይል ፒዲኤፍ ይሁን፤ ፎንቱም ውስጡ የተካተተበት። ፒዲኤፍ ኤክስ የሚባለውን ዓይነት አስወጡልኝ ብትዪ ይህ ራሱ ይሟላል።

የታንኳሽ ጫፍ የተቆረጠው ሰው ስለተሳሳተ አይደለም። መጽሐፍ ከተጠረዘ በኋላ ተደራርቦ በአንድ ስለት ነው የሚቆረጠው። ወረቀቱ አንድ ሁለት ሚሊሜትር መሸሹ አይቀርም። ስለዚህ እስከ ገጹ ጠርዝ የሚሄድ ሥዕል በየአቅጣጫው 3 ሚሊሜትር ከገጹ አልፎ መሳል አለበት፤ 21 የነበረው 21.6 የሆነው በዚህ ነው። በተቃራኒው መቆረጥ የሌለበት ነገር፣ ፊደልም ሆነ የታንኳ ጫፍ፣ ከጠርዙ ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ይግባ። መሐል ላይ፣ ገጾቹ በሚጠረዙበት በኩል፣ ከዚህም በላይ ራቂ። የብራና ጸሐፊ መጀመሪያ በወስፌ ወግቶ፣ መስመር አስምሮ፣ ኅዳጉን ለይቶ ነው ብዕር የሚያነሣው። አንቺም የሚቀጥለውን መጽሐፍ ስትጀምሪ መጀመሪያ የመቁረጫውን መስመር በእርሳስ አስምሪ፣ ከዚያ ሳዪ። ያሁኖቹ ሥዕሎች ዳር ላይ ትርፍ ከሌላቸው ሁለት ምርጫ አለሽ፤ ወይ ዳሩን በጥንቃቄ ማስቀጠል፣ ወይ ሥዕሉን አሳንሶ ዙሪያውን ነጭ መተው። የውኃ ቀለም ዙሪያው ነጭ ሲኖረው ያምርበታል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

26 ገጽ ያልሽው ነገር አይሆንም። በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ አንድ ወረቀት ሲታጠፍ አራት ገጽ ስለሚሆን ቁጥሩ ለ4 መካፈል አለበት። ወይ 24 ወይ 28 ነው። ለኦፍሴት 24 በጣም ይመቻል፤ አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ፣ ሌላው ታጥፎ 8 ገጽ ይሆናል፤ ባለ 16 እና ባለ 8 እጥፋት ይባላሉ። ሁለት ገጽ መቀነስ ከቻልሽ ቀንሺ።

ካሬው ላይ ደግሞ ጥቂት እንቆይ። ትልልቅ ኦፍሴት ማሽኖች የሚሠሩበት አንዱ የወረቀት ልክ 70 በ100 ሳንቲሜትር ነው። ለመታጠፍ በሚመች አደራደር ኤ4 ገጽ በአንዱ ፊት 8 ይገባል፣ ወረቀቱንም ጥሩ አድርጎ ይሞላዋል። ያንቺም ካሬ 8 ነው የሚገባው፤ ግን ከ25 ሳንቲሜትር በላይ ስፋት ያለው ቅዳጅ ይተርፋል። በትንሹ ዲጂታል ወረቀት ላይ፣ 32 በ45 በሆነው፣ ሁለቱ ገጽ ጎን ለጎን ሲቀመጥ 10 ሳንቲሜትር ያህል ይተርፋል። የተረፈውንም አንቺ ነሽ የከፈልሽበት። ሥዕሎቹ በካሬ ከተሳሉ ቆርጠሽ አታበላሺያቸው፤ ካሬውን ያዢው። ግን ማተሚያ ቤቱን «ከሽፋኑ ወረቀት በሚተርፈው ላይ ዕልባት አትሙልኝ» በያቸው። ወፍራም ወረቀት ነው፣ ቀለሙም ማሽኑ ላይ አለ። የታንኳዋን ሥዕል ዕልባት አድርገሽ ከመጽሐፉ ጋር ትሰጫለሽ። ይህን ሳይጠየቅ የሚያደርግልሽ የለም፤ ፋይሉ ከመደራጀቱ በፊት አንሺው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ኦፍሴት ወይስ ዲጂታል?

ኦፍሴት ማሽን ከመነሣቱ በፊት ለእያንዳንዱ ቀለም ፕሌት፣ ማለትም ምስሉ የሚያርፍበት ስስ ብረት፣ ይሠራል። ላንቺ 24 ገጽ ለባለ 16ቱ እጥፋት 8፣ ለባለ 8ቱ 4፣ ለሽፋኑም ቢያንስ 4 ፕሌት ያስፈልጋል። ማሽኑ ይስተካከላል፣ ቀለሙ እስኪረጋ ብዙ ወረቀት ይጣላል። ይህ ሁሉ ወጪ 100 ብታሳትሚም 1000 ብታሳትሚም አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ኮፒ ርካሽ ነው። ዲጂታል ፕሌት የለውም። የመጀመሪያውም መቶኛውም ኮፒ ዋጋው ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ጥቂት ለሚያሳትም ዲጂታል፣ ብዙ ለሚያሳትም ኦፍሴት ይሻላል። ድንበሩ የት እንደሆነ ከማተሚያ ቤት ማተሚያ ቤት ይለያያልና አስልተሽ እወቂው። ለ500 እና ለ1000 ሁለት ዋጋ ጠይቂ። ልዩነቱን ለ500 አካፍይው። የምታገኚው ማሽኑ ከተነሣ በኋላ አንድ መጽሐፍ የሚያስወጣው ዋጋ ነው። ያንን በ1000 አባዝተሽ ከ1000ው ኮፒ ጠቅላላ ዋጋ ስትቀንሺ የሚቀረው የማስነሻው ወጪ ነው። አሁን ከዲጂታሉ ዋጋ ጋር ማወዳደር ትችያለሽ። ወረቀቱ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው ይዋዥቃል፤ ፕሮፎርማው እስከ መቼ እንደሚጸና አስጽፊ።

የኔ ምክር ይህ ነው። ፋይሉን ካስተካከልሽ በኋላ መጀመሪያ 50 ወይም 100 ኮፒ በዲጂታል አውጪ። ለልጆች አንብቢላቸው፣ ለመምህራን ስጪ፣ ለመጻሕፍት መደብሮች አሳዪ። ልጆቹ የት ገጽ ላይ እንደሚቆሙ፣ የት እንደሚዘሉ ታያለሽ። የፊደል ግድፈትም ይገኛል፤ ሁልጊዜ ይገኛል። ሁለት ሦስት ትምህርት ቤቶች ወይም መደብሮች «ይህን ያህል እንወስዳለን» ካሉሽ ያን ጊዜ ኦፍሴቱን 1000 አሳትሚ። ሳይሉሽ ካሳተምሽ የዕቁብሽ ገንዘብ በካርቶን ታስሮ አልጋ ሥር ይቀመጣል። ሰው ሁሉ «አሁን ካላሳተምሽ ዋጋ ይጨምራል» ይልሻል። ሊጨምርም ይችላል። ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ ለውስጥ ገጽ 150 ግራም ማት (የማያንጸባርቅ) አርት ፔፐር፣ ለሽፋን 300 ግራም፣ ላዩ ማት ላሚኔሽን፣ ማለትም ስስ ፕላስቲክ የተለጠፈበት። ግላሲ፣ የሚያብረቀርቀውን፣ አትጠይቂ። ልጅ መስኮት ሥር ቁጭ ብሎ ሲያነብ ያንጸባርቅበታል፤ የውኃ ቀለምን ልስላሴም ይገድለዋል። ሽፋኑ ያለ ላሚኔሽን ከቀረ ደግሞ ልጆች እጅ ላይ ሁለት ሳምንት አይቆይም።

የመጽሐፉን አይኤስቢኤን፣ የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን፣ ከወመዘክር (ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ቀድመሽ አውጪ፤ ሽፋኑ ካለቀ በኋላ ቦታ ፍለጋ እንዳትሄጂ። ባርኮዱ ነጭ ላይ በጥቁር ብቻ ይሁን።

ፕሩፍ፣ ማለትም ከኅትመቱ በፊት የሚወጣውን የሙከራ ገጽ፣ ሳታዪ ግን ምንም ነገር አትልቀቂ። ፕሩፉ መጽሐፉ በሚታተምበት ወረቀት ላይ ይሁን፤ በተራ ወረቀት የወጣ ፕሩፍ ስለ ቀለም ምንም አይነግርሽም። ሱቁ ውስጥ ባለው መብራት አትዪው፤ ወደ ደጅ አውጥተሽ ጥላ ያለበት ቦታ በቀን ብርሃን እዪው፣ ዋናው ሥዕል አጠገብሽ ሆኖ። ጽሑፉን ተረቱን የማያውቅ ሰው ጮክ ብሎ ያንብብልሽ፤ አንቺ በቃልሽ ስለምታውቂው ዐይንሽ ግድፈቱን ያልፈዋል። ከተስማማሽ ፈርመሽበት አንዱን ለነሱ፣ አንዱን ለራስሽ አስቀሪ። ኦፍሴቱ በሚታተምበት ቀን ደግሞ ከባሕር ዳር መምጣት ካለብሽም ነይ። ማሽኑ ላይ የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ሲወጡ ማጀንታውን ቀነስ፣ ሳያኑን ጨመር ማድረግ ይቻላል። ካለቀ በኋላ አይቻልም። ኦፕሬተሩን በአክብሮት «ይቺን ውኃ እያት» ብለሽ ሥዕሉን ብታሳዪው ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ነው የሚያስተካክሉት። ከጠዋት እስከ ማታ ቆመው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ሥራቸውን ሊያይ የሚመጣ ደንበኛ ብዙ አያጋጥማቸውም።

አሁን 30ዎቹ ትልልቅ ሥዕሎች። እነሱን በኦፍሴት አታስቢያቸው፤ ለ30 ኮፒ ፕሌት አይሠራም። ለባነር የሚያገለግለው ማሽንም ይቅርብሽ፤ እሱ ከሩቅ ለሚታይ ሥራ ነው። የሚያስፈልግሽ በፒግመንት ቀለም የሚሠራ ጥሩ ኢንክጄት ፕሪንተር ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺዎች ለኤግዚቢሽን የሚጠቀሙበት ዓይነት። «ቀለሙ ፒግመንት ነው ወይስ ዳይ?» ብለሽ ጠይቂ። ዳይ ቀለም ብርሃን ሲያገኘው ቶሎ ይለቃል፤ ፒግመንት ብዙ ዓመት ይቆያል። ወረቀቱ ከጥጥ የተሠራ፣ አሲድ የሌለው፣ 300 ግራም ገደማ ቢሆን የውኃ ቀለም ወረቀትሽን ይመስላል።

እዚህ ላይ ከመጽሐፉ የሚለይ አንድ ነገር አለ። እነዚህ ፕሪንተሮች ብዙዎቹ ከአራት በላይ፣ ስምንትና ከዚያም በላይ ቀለም አላቸው። አራቱ ያልደረሱበትን ሰማያዊ በተሻለ ይደርሱበታል። ስለዚህ ለእነሱ ፋይሉን ወደ ሲኤምዋይኬ አትቀይሪው፤ አርጂቢውን ቲፍ እንዳለ ስጪ። ሁለት ፋይል ይኖርሻል ማለት ነው፤ አንድ ለመጽሐፍ፣ አንድ ለግድግዳ። ስማቸውን ለይተሽ ጻፊ፣ እንዳይቀያየሩብሽ። 30 ካልሽ 30 ላይ አቁሚ። ከምስሉ ሥር በእርሳስ 1/30፣ 2/30 እያልሽ ቁጥሩንና ፊርማሽን አስፍሪ። ገዢው የሚገዛው ያንን ቃልሽን ጭምር ነው።

አንድ ሰው ስክሪን ፕሪንት ይሻላል ቢልሽ ለቲሸርትና ለቦርሳ አዎ፣ ለዚህ ሥዕል አይሆንም። ስክሪን ፕሪንት ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱን ወንፊት ይፈልጋል፤ ደልደል ላለ ቀለም ግሩም ነው፣ ውኃ ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚጠፋ ቀለም ግን አይመችም። ትምህርት ቤቶች ፈተና የሚያባዙበት ሪዞግራፍ ግን ይጠቅምሻል። ታንኳዋንና የሐይቅ ወፎችን በጥቁር መስመር ብቻ ሳዪ፣ 600 ላይ ጥቁርና ነጭ አድርገሽ ስካን አድርጊ፣ ለልጆች ማቅለሚያ እንዲሆን በሪዞ አባዢው። በጣም ርካሽ ነው፤ መጽሐፉን ትምህርት ቤት ይዘሽ ስትሄጂ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ትሰጫለሽ።

ሰማያዊ ሣጥኖቹን ስታስወጪ የመረጥሽውን የሳያንና የማጀንታ ቁጥር ጻፊልኝ። ከቻልሽ ገጹን ራሱን ፖስታ ውስጥ አድርገሽ ላኪልኝ፤ በስልክ ፎቶ አንስተሽ ከላክሽልኝ ግን የማየው ያንቺን ሰማያዊ ሳይሆን የስልኬን ነው።